«ጨጓራ ነው» እያልን የምንዘገይበት ሕመም፦ ሀርት አታክ በወጣትነት ዕድሜ፣ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሐል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። እነዚህ ስለ ሀርት አታክ (የልብ የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ ስለሚመጣው ሕመም) የሚነሡ ጥያቄዎች ከታማሚዎችና ከአስታማሚዎች፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ የሥራ ልብሴን ካዩ ተሳፋሪዎች የሚመጡልኝ ናቸው። ከሁሉም የሚበዙት ግን ለቅሶ ቤት የሚነሡት ናቸው። አንድ የ36 ዓመት ሰው «ማታ ደህና ነበር፣ ጠዋት አልነሣም» ከተባለ በኋላ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሁሉ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ሰውየው በሕይወት ሳለ መጥቶ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስለምቆጭ ጻፍኩት።

ይህን የምታነቡት ደረታችሁን እያመማችሁ ከሆነ የመጀመሪያውን መልስ ብቻ አንብቡና ተነሡ።

አሁን ደረቴን አፍኖ ይዞኛል። ምን ላድርግ?

የያዛችሁትን ሥራ ትታችሁ ቁጭ በሉ። አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩ። ብቻችሁን ከሆናችሁ የቤቱን በር ከፍታችሁ ጎረቤት ጥሩ፤ ራሳችሁን ብትስቱ ሰው መግባት መቻል አለበት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ ወይም ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ደውሉ። አምቡላንሱ የሚዘገይ ከሆነ በራይድም በጎረቤት መኪናም ሂዱ፤ መሪውን ግን እናንተ አትያዙ።

የምትሄዱት ኢሲጂ (የልብን ምት በወረቀት ላይ የሚያወጣ ምርመራ) ወዳለው የድንገተኛ ክፍል ነው። እዚያ ስትደርሱ ታማሚው ካርድ ማውጫ ሰልፍ ላይ አይቁም። አስታማሚው ካርድ ያውጣ፣ ታማሚው በቀጥታ ይግባና «ደረቱን ነው» ይባል። ለደረት ሕመም ኢሲጂ በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲነሣ የዓለም የሕክምና መመሪያዎች ያዝዛሉ። ስለዚህ ጠይቁ፤ ደግማችሁም ጠይቁ። እኛን ነርሶቹን ያስቀይመናል ብላችሁ ዝም እንዳትሉ።

አስፕሪን ቤት ውስጥ ካለ፣ አለርጂ ከሌለባችሁና የመድማት ችግር ወይም የደማ የጨጓራ ቁስል ከሌለባችሁ 300 ሚሊግራም አኝካችሁ ዋጡ። ትንሿ የ81 ሚሊግራም ከሆነች አራት ፍሬ ማለት ነው። የሚታኘከው ቶሎ እንዲሠራ ነው።

ወንዶች ይህችን አትደብቁን፦ ቪያግራ ወይም የዚያ ዓይነት መድኃኒት በቅርብ ከወሰዳችሁ ለደረት ሕመሙ ከምላስ ሥር የሚደረግ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ንገሩን። ሁለቱ ሲገናኙ ግፊትን በአንዴ ያወርዱታል። አስታማሚ ፊት ማፈር ስላለ ብዙዎች አይናገሩም። ጆሮዬ ላይ ብትነግሩኝም ይበቃል።

ሰውየው ወድቆ የማይሰማና የማይተነፍስ ከሆነ በደረቱ መሐል አጥንት ላይ ሁለት እጃችሁን ደራርባችሁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ። ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይግባ። እስኪያልባችሁ ተጫኑ፣ ሲደክማችሁ ሌላ ሰው ይቀበላችሁ። ክብሪት ለኩሶ ማሽተትና ውኃ መርጨት የቆመ ልብ አያስነሣም፤ ደቂቃ ብቻ ይበላል።

ጨጓራዬ ነው ወይስ ልቤ? በምን አውቃለሁ?

ይህ ጥያቄ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። በከተማችን ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው። ሽሮውም በርበሬውም ስላለ ሰው አይጠራጠርም።

አንድ የ33 ዓመት ሰው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሚስቱ ደግፋው ገባ። ሕመሙ የጀመረው ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ እራት ከበላ በኋላ ነበር። መጀመሪያ ፌጦ በሎሚ ጠጣ። ቀጥሎ ከሰፈር ፋርማሲ የጨጓራ መድኃኒት፣ ኦሜፕራዞል፣ አስመጣ። ጃኬቱን ሳወልቅለት ከኪሱ ውስጥ አራት ፍሬ የጎደለባት የኦሜፕራዞል ቅጠል ወደቀች። ሚስቱ «ላቡ አንሶላውን አረጠበው፣ ሁለቴ ቀየርኩ» አለችኝ። ጨጓራ አንሶላ አያስቀይርም። ኢሲጂው ሲወጣ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ምንም ሳይናገር ወደ ስልኩ ሄደ። ሰውየው ተርፏል። ግን በእነዚያ ዘጠኝ ሰዓታት ውስጥ የልቡ ጡንቻ የተወሰነው ክፍል ሞቷል፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሁለቴ ይቆማል።

ልዩነቱን በጥቅሉ ልናገር። የልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ይጫናል፣ ያፍናል፣ ይጨመድዳል፤ «ድንጋይ የተቀመጠብኝ መሰለኝ» ይላሉ። ብዙ ሰው በጣቱ አይጠቁመውም፤ መዳፉን ጨብጦ ደረቱ ላይ ያስቀምጣል። ወደ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጀርባ ይሄዳል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ትንፋሽ ማጠር አብረው ይመጣሉ። ጨጓራ ግን ያቃጥላል፤ ከምግብ ጋር ይመጣል፣ ከምግብ ጋር ይሄዳል፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲተኙ ይብሳል።

ይሁንና ይህን ልዩነት ይዛችሁ ቤታችሁ ሆናችሁ አትፍረዱ። የታችኛው የልብ ክፍል ሲታመም ሕመሙ በትክክል ጨጓራ ላይ ይሰማል፤ ያስታውካልም። የጨጓራ መድኃኒት ውጣችሁ ቀለል ቢላችሁም ልብ አለመሆኑ አልተረጋገጠም። የእኔ መመሪያ አንድ ነው፦ አዲስ የሆነ የደረት ወይም የላይኛው ሆድ ሕመም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ላብ ካለበት፣ ኢሲጂ ይነሣ። ኢሲጂ የ5 ደቂቃ ሥራ ነው። ጨጓራ ሆኖ ቢገኝ ማንም አይስቅባችሁም።

ደረጃ ስወጣ ደረቴን ይይዘኛል፣ ስቆም ይተወኛል። ይህስ?

ይህ ልብ እየለመነ ያለበት ጊዜ ነው። የደም ሥሩ ጠብቦ፣ ሥራ ሲበዛበት ደም ስለሚያጥረው ነው የሚያመው። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ሳያውቀው በየቀኑ ምርመራ ላይ ነው። ባለፈው ወር አራተኛ ፎቅ ያለ ችግር ትወጡ ከነበረና አሁን ሁለተኛው ላይ የሚይዛችሁ ከሆነ በዚያው ሳምንት ሐኪም እዩ። ቁጭ ብላችሁም መያዝ ከጀመረ በዚያው ሰዓት።

ሀርት አታክ እና የልብ ድካም አንድ ናቸው?

አይደሉም። በዜናም በሰፈርም «የልብ ድካም» ለሁሉም ስለሚባል ነው የተደባለቀው። ልብ ጡንቻ ነው፤ ለራሱ የሚሆነውን ደም የሚያገኘው ላዩ ላይ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። ከእነዚያ አንዱ በረጋ ደም ሲዘጋና ጡንቻው መሞት ሲጀምር ያ ሀርት አታክ ነው። የልብ ድካም ደግሞ ልብ ደም በበቂ መግፋት ሲያቅተው ነው፤ እግር ያብጣል፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራል። ሀርት አታክ ካልታከመ የልብ ድካም ያመጣል።

ሦስተኛው የልብ ምት ቀጥ ማለት ነው። የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከፊንላንድ ጋር ሲጫወቱ ሜዳ ላይ የወደቀው በዚህ ነው፤ ብዙዎቻችን በቀጥታ አይተነዋል። ያተረፈው ደረቱን ወዲያው መጫናቸውና በኤሌክትሪክ መሣሪያ ልቡን ማስነሣታቸው ነው። ሀርት አታክም ልብን በዚህ መልኩ ሊያቆም ይችላል።

በአገራችን ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚያሠቃየው ግን ሌላ ነው፦ በደንብ ካልታከመ ቶንሲል ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታ። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከሚያክማቸው አብዛኞቹ በዚህና አብሮ በሚወለድ የልብ ችግር የተያዙ ናቸው። እሱ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል።

ወጣት ሰው እንዴት ሀርት አታክ ያገኘዋል? የሽማግሌ በሽታ አይደለም?

በሕክምናው ወጣት የሚባለው ባብዛኛው ከ45 ዓመት በታች ያለው ነው። የደም ሥር ውስጥ የስብ ክምችት የሚጀምረው ከምናስበው በጣም ቀድሞ ነው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮች አስከሬን ሲመረመር ከአራቱ የሦስቱ ያህል የልብ ደም ሥር የበሽታው ምልክት ተገኝቶበታል። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። ጥናቱ የታተመው በ1953 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ሌላው ነገር፣ በወጣቶች ላይ ክምችቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀው ላይ ደም ይረጋል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ቧንቧው ይዘጋል። «ትናንት ኳስ ሲጫወት ነበር» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ትናንት ሥሩ አልተዘጋም ነበር።

ዋናው መንስኤ ምንድን ነው?

በወጣቶች ላይ ከሁሉ ቀዳሚው ሲጋራ ነው፤ ጥርጥር የለውም። ኢንተርሃርት የተባለው በ52 አገሮች የተካሄደና በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ዘጠኝ ነገሮች ብቻ የሀርት አታክን አደጋ 90 በመቶ ያህሉን እንደሚያብራሩ አሳይቷል። ሲጋራ፣ የደም ቅባት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሆድ ውፍረት፣ ጭንቀት፣ አትክልትና ፍራፍሬ አለመብላት፣ አለመንቀሳቀስና አልኮል ናቸው። ዘጠኙንም ልንለውጣቸው ወይም ልናክማቸው እንችላለን። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ ያናድደኛልም።

ከእነዚህ ውጭ ከወላጅ የሚወረስ የኮሌስትሮል ችግር አለ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ሰዎችም አደጋቸው ከሌላው በእጥፍ ያህል ይበልጣል። መፍትሔው መድኃኒቱን ማቋረጥ ፈጽሞ አይደለም። በ2023 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ ሰፊ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ለሆኑት የኮሌስትሮል መድኃኒት መጨመር የልብና የደም ሥር አደጋውን በሲሶ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። በቀጠሯችሁ ቀን አንሡት።

ጫት እቅማለሁ። እውነት ልብ ይጎዳል?

አዎ። ሰውየውን ለመስደብ አይደለም የምናገረው፤ ከዘመዶቼም ከባልደረቦቼም የሚቅሙ አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ የልብን የደም ሥር ጨምድዶ ሊያጠብም ይችላል። በየመን የተሠራና በ2005 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች በሀርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከማይቅሙት እንደሚበልጥ፣ አብዝተው የሚቅሙት ደግሞ እጅግ እንደሚብስባቸው አሳይቷል።

እኔ ግን ከቅጠሉ ባልተናነሰ ሥርዓቱን እፈራለሁ። ከቀኑ 8 ሰዓት በርጫ ይጀመራል። አራት አምስት ሰዓት ቁጭ፣ ሲጋራ በላይ በላዩ፣ ኮካ፣ ለውዝ። ምርቃናው ሲመጣ ደረት ቢመታም «ምርቃና ነው» ይባላል። ማታ ደግሞ ለመተኛት ጨብሲ። ጫቱ ያፈጠነውን ልብ አልኮሉ በግድ ሊያወርድ ይገባል፤ እንቅልፉም ሳይገኝ ይነጋል። ልቡ በአንድ ቀን ውስጥ በሦስት ነገር ወደ ላይና ወደ ታች ተጎተተ ማለት ነው።

ማቆም የምትችሉ አቁሙ። ዛሬ ካልቻላችሁ ቢያንስ ከሲጋራው አፋቱት፣ ጨብሲውን ተዉ። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ግን ድርድር የለውም፣ ይተው። ሆስፒታል ስትገቡም «አልቅምም» አትበሉ። የምንሰጠው መድኃኒት በዚያ ሊቀየር ይችላል፤ ፖሊስ አንጠራም።

ሺሻስ? ውኃው ያጣራዋል ይባላል።

አያጣራውም። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ ስለዚህ በጥልቀት ይሳባል። በአንድ ሰዓት ቁጭታ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጋር አይወዳደርም። ላዩ ላይ ያለው ፍም ደግሞ ቤት ዘግተው ከሰል የሚያነዱ ሰዎችን የሚገድለውን ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ይጨምርበታል።

ሲጋራ የማታጨሱም ብትሆኑ የሌላው ጭስ ይነካችኋል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ፒያሳም ካዛንቺስም ካፌ ተቀምጣችሁ ጭስ ቢመጣባችሁ አስተናጋጁን መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ዓመታት አጭሻለሁ፣ አሁን ባቆም ምን ዋጋ አለው ለምትሉ፦ ካቆማችሁ ከአንድ ዓመት በኋላ ከማጨስ የመጣው የልብ አደጋ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ይህን ያህል በፍጥነት ይቅር የሚል አካል ሌላ አላውቅም።

ሴቶችንም ይይዛል?

ይይዛል፣ ችግሩ ሴቶች ዘግይተው መምጣታቸው ነው። ቤቱን አስተካክላ፣ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥታ፣ ልብሷን ቀይራ ትመጣለች። ምልክቱም ሊለይ ይችላል፦ ደረት ላይ ያን ያህል ሳይጫን ትንፋሽ ማጠር፣ የማይታወቅ ድካም፣ ማስታወክ፣ የጀርባ ወይም የመንጋጋ ሕመም።

ወጣት ሴቶችን ከወንዶች በበለጠ የሚያጠቃ ዓይነትም አለ። የልብ ደም ሥር ግድግዳ በራሱ ይሰነጠቅና ደሙ በመካከሉ ገብቶ መንገዱን ይዘጋል። ስብ የለም፣ ሲጋራ የለም፣ ውፍረት የለም። አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይመጣል። ስለዚህ አራስ ሴት «ደረቴን» ስትል ብርድ ነው፣ ንፋስ ገብቷት ነው ብላችሁ አጥሚት ብቻ አታቅርቡላት።

በእርግዝና ጊዜ ግፊት ተነሥቶባችሁ ከነበረ ከወለዳችሁ በኋላም በየዓመቱ ተለኩ፤ በኋላ ዘመን የልብ አደጋው ከፍ ይላል። ዕድሜያችሁ ከ35 በላይ ሆኖ የምታጨሱ ከሆነ ደግሞ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል አይስማማችሁም፤ ሌላ እንዲመርጡላችሁ ጠይቁ።

ክትፎና ቁርጥ ልተው?

ተዉ አልልም። በሳምንት ስንቴ ነው፣ ምን ያህል ነው፣ ከምን ጋር ነው ብዬ እጠይቃለሁ። በየምሳ ሰዓቱ ሥጋ ቤት፣ ጮማው ከቢራ ጋር ከሆነ አዎ፣ ይቀነስ። ጾማችን ለልብ ትልቅ ስጦታ ሊሆን ይችል ነበር፤ ምስሩ፣ ሽንብራው፣ ጎመኑ፣ ተልባው ሁሉ ለልብ የሚስማማ ነው። የምናበላሸው በሳምቡሳ፣ በቦምቦሊኖና በቺፕስ ነው፣ ያውም ደጋግሞ በጠቆረ ዘይት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ከውስጡ ግማሽ ያህሉ የማይጠቅመው የስብ ዓይነት ነው። አቅም ካለ የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ይሻላል፤ አቅም ከሌለ ደግሞ የትኛውንም ዘይት በማንኪያ ለክታችሁ ጨምሩ።

ጨው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ በርበሬው አለው፣ ሚጥሚጣው አለው፣ ዳቦውም አለው። ወጥ ላይ የምትነሰንሱት ከዚያ በላይ ነው።

ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ በአንድ ቀን ዶሮውን፣ ቁርጡንና ጠጁን ደራርቦ መግደፍ ግን በእውነት ያስፈራኛል። ከባድ ምግብና ብዙ መጠጥ ልብን በአንዴ ያስጨንቃል፣ መጠጡ ምቱንም ሊያዛባ ይችላል። በትንሽ በትንሹ ጀምሩ።

ቡናስ?

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጡ። በመጠኑ የተጠጣ ቡና ሀርት አታክ አያመጣም። በስኳር ተሞልቶ ከሆነ ስኳሩን ቀንሱ። በኃይል ሰጪ መጠጥ ሌሊት የሚያጠኑ ተማሪዎችና የሌሊት ሹፌሮች ግን ከጫት ጋር አታቀላቅሉት።

ስፖርት እሠራለሁ፣ ስለዚህ አይነካኝም አይደል?

ይቀንሳል፣ አያስቀርም። ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚወጡትን ሳይ ደስ ይለኛል፤ «መንገድ ለሰው» ሲባል መንገዱ የልጆችና የእግረኛ ሲሆንም እንዲሁ። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም ያለውን በእግር ብትሄዱ ከታክሲ ሰልፍ ሳትዘገዩ ትደርሳላችሁ።

የሚያሰጋው ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ከርሞ ለታላቁ ሩጫ ሁለት ሳምንት ሲቀረው 10 ኪሎ ሜትር በአንዴ የሚነሣ ሰው ነው። ከሁለት ሦስት ወር በፊት በእርምጃ ይጀመር። ትኩሳት ያለበት ጉንፋን ከያዛችሁ ደግሞ እስኪለቃችሁ አትሩጡ፤ ቫይረሱ የልብ ጡንቻ ላይ ሊወርድ ይችላል። በጂም ውስጥ በእጅ ለእጅ የሚሸጡ ጡንቻ ማሳደጊያ መርፌዎችን አትንኩ። መጥፎውን ኮሌስትሮል ያበዛሉ፣ ጥሩውን ያወርዳሉ፣ ደምም እንዲረጋ ያደርጋሉ። ደረቱ ሰፊ ስለሆነ ልቡ ጤነኛ ነው ብለን የምንገምተው ወጣት አንዳንዴ ይህን ይደብቃል።

አንዳንዴ ደረቴን እንደ መርፌ ውግት ያደርገኛል። ሀርት አታክ ነው?

ለሰከንድ ብቻ የሚወጋ፣ በጣት ሲጫኑት የሚያም፣ አተነፋፈስ ላይ የሚለዋወጥ ውጋት በወጣት ላይ ከልብ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ጭንቀት የሚያመጣው ደግሞ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ልብ ይመታል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ሰው የሚሞት ይመስለዋል። የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማጣት፣ የቤተሰብ ሸክም በዚህች ከተማ ቀላል አይደለም። አንዴ ተመርምራችሁ ልብ አለመሆኑ ከተረጋገጠ ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና አለው፤ አማኑኤል ሆስፒታል ታየ ብሎ የሚያፍር ትውልድ እንዲያልፍ እመኛለሁ።

ኢሲጂ ተነሥቼ «ደህና ነህ» ተብያለሁ። አበቃ?

ሕመሙ ከቆመ ምናልባት። ካልቆመ አላበቃም። የመጀመሪያው ኢሲጂ ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚለወጥ አለ። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም የልብ ጡንቻ ከተጎዳ በኋላ ለመጨመር ሰዓታት ስለሚወስድበት አንዱ ብቻ አይበቃም፣ ይደገማል። «ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ እንደግማለን» ከተባላችሁ አትሂዱ።

መዘጋቱ ከተረጋገጠ ሕክምናው ወይ በእጅ ወይም በእግር በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሥሩን መክፈትና ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ማስቀመጥ፣ ወይም የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ መስጠት ነው። ሁለቱም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይጠቅማሉ፤ መርፌው ሕመሙ ከጀመረ 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ ባብዛኛው አይሰጥም። የቱቦው ሕክምና በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም፣ ስለዚህ ሪፈር ከተጻፈላችሁ «ነገ ጠዋት» አትበሉ።

ስቴንት ተደርጎልኛል። ጠበል ስገባ መድኃኒቱን ላቁም?

አታቁሙ። እኔም የማምን ሰው ነኝ፣ ጠበሉን አልነካባችሁም። ነገር ግን ስቴንት ከገባ በኋላ የሚሰጡት ሁለት የደም ማቅጠኛ እንክብሎች ቢቋረጡ ስቴንቱ ራሱ በረጋ ደም ሊዘጋ ይችላል፣ ያ ከመጀመሪያውም ይከፋል። አንደኛው አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይወሰዳል፣ አስፕሪኑ ደግሞ ይቀጥላል። ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲያስኬዱ የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ፣ መድኃኒቱንም ይዛችሁ ሂዱ። መድኃኒቱ ከፋርማሲ ከጠፋ ቀን ሳይገፉ ሐኪሙ ዘንድ ደውሉ፣ ሌላ ይቀየራል።

ምን ምን ልመርመር?

ሦስት ነገር፦ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል። ከደም ግፊት ጋር ከሚኖሩ የዓለም አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም፤ አያምምማ። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡ ልጆች ጋር ግፊት የሚለካ ካለ ለመነሻ አልከፋም፣ ግን ከታክሲ ሮጣችሁ ወርዳችሁ ያያችሁትን ቁጥር አትመኑ። 5 ደቂቃ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁን አስደግፉ፣ ክንዳችሁ በልባችሁ ልክ ይረፍ፣ ሲለካ አታውሩ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡናና ሲጋራ የለም።

በባዶ ሆድ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ የስኳር ሕመም ነው። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚባለው፣ 190 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምግብ ብቻ ያመጣው አይደለም፤ የዘር ሊሆን ይችላል።

አባቴ በ48 ዓመቱ በድንገት ሞቷል። እኔስ?

እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር። አዎ፣ ይመለከታችኋል። አባት ወይም ወንድም ከ55 ዓመት በፊት፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ሕመም ከተያዙ የእናንተ አደጋ ከሌላው ከፍ ይላል። በዘር የሚተላለፈው የኮሌስትሮል ችግር ከ250 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ያለበት ሰው ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ ጾመኛም ሊሆን ይችላል። የዓይን ቆብ ላይ ቢጫ እብጠት ካለ፣ ወይም ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ከወፈረ ለሐኪሙ አሳዩ። በመድኃኒት በደንብ ይወርዳል፣ ቀድሞ መጀመሩም ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ለቅሶ ቤት ይህን ስናገር «ከቀብሩ በኋላ እንሄዳለን» ይሉኛል፣ ከዚያ ሰልስት ይመጣል፣ ተዝካር ይመጣል። ወንድምና እህቶች በአንድ ላይ ቀን ቁረጡ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይቀመስ፣ ሁላችሁም ወደ አንድ ላብራቶሪ። የሁላችሁን ግፊት፣ ስኳርና ኤልዲኤል በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ፎቶ አንሥታችሁ በየስልካችሁ ያዙት። ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣችሁ ቀን መጀመሪያ የምጠይቃችሁ እሱን ነው።